ሾላ በድፍን አይሁን፦ ከተረት፣ ከዘፈንና ከቲክቶክ ተነሥቶ ተክልን የመመርመሪያ መመሪያ

«ነገሩ ሾላ በድፍን ነው» ሲባል ውስጡ ያልታየ፣ ያልተብራራ ጉዳይ ማለት እንደሆነ ጎጃም ውስጥ ልጅም ያውቃል። ባሕር ዳር ላይ ከሾላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ግን ፍሬዋን ከፍሎ ውስጧን ማየት ትዝ አይለውም። ይህ መመሪያ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ የሳይንስና የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች የተዘጋጀ ነው። ሥራው ሰው ስለ ተክል በየቀኑ የሚናገረውን፣ የሚዘፍነውን፣ በስልክ የሚቀባበለውን ወስዶ ሊመረመር ወደሚችል ጥያቄ መለወጥ፣ ከዚያ መቁጠርና መለካት፣ በመጨረሻም ውጤቱን በዚያው በሕዝቡ አነጋገር መልሶ መንገር ነው።

ሁሉም ነገር 8 ሳምንት ይፈጃል። መስከረም አጋማሽ ላይ ጀምሩ። አደይ ገና አልረገፈችም፣ መሬቱ አልደረቀም፣ በክረምት የበቀለው ችግኝም በከብት ተግጦ አላለቀም። ጥር ላይ የጀመረ ክበብ የሚቆጥረው ባዶ መሬት ነው፤ ከዚያም «እዚህ ምንም አይበቅልም» ብሎ ይጽፋል።

ዕቃ (5 ተማሪ ላለው አንድ ቡድን)

4 ሜትር ሲባጎና 4 ካስማ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ማጉያ መነጽር (ከሌለ አጉልቶ የሚያነሣ የስልክ ካሜራ)፣ አፈ ሰፊ ግልጽ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ 2፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ 30 በ45 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ካርቶን 2፣ ደብተር። መጻፊያው እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይፈስና የቀኑ ሥራ ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይሆናል። ምላጭ በመምህሩ እጅ ይቆይ።

1ኛ፦ ንግግሩን ሰብስቡ (ሳምንት 1 እና 2)

እያንዳንዱ ተማሪ የተክል ስም ያለባቸው 5 ነገሮች ያምጣ። ተረትና ምሳሌ፣ የሠርግ ዘፈን ስንኝ፣ ቀረርቶ፣ እንቆቅልሽ፣ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ የሆቴል ስም፣ የቀበሌ ወይም የመንደር ስም፣ የበዓል ልማድ ሁሉ ይቆጠራል። ለቀዳም ስዑር ራስ ላይ የሚታሰረው ቄጤማ፣ ለሆሣዕና የሚያዘው ዘንባባ፣ አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች የሚይዙት አደይና ለምለም ሣር፣ ለጠላው ጌሾ፣ ለእንስራው የወይራ ጢስ ሁሉም ከአንድ መሬት የተቆረጡ ተክሎች ናቸው። ያ መሬት የቱ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ቄጤማው ከየትኛው ረግረግ መጣ? ረግረጉ ዛሬም አለ?

ከ5ቱ ቢያንስ 3ቱ ከአፍ የተሰሙ ይሁኑ። ይህ ካልተባለ ግማሹ ክፍል ከኢንተርኔት ገልብጦ ይመጣል፤ 30 ተማሪ ያንኑ 10 ተረት ይዞ ይሰለፋል። አረጋዊት ሲጠየቁ ደግሞ «ተረት ይንገሩኝ» ከተባሉ ጠፍቶባቸው ዝም ይላሉ። «እማማ፣ የእንቧይ ካብ የሚባለው ምን ሲሆን ነው?» ብሎ በአንድ ምሳሌ መጀመር ይሻላል፤ አንዱ ሌላውን ይስባል። ለእያንዳንዱ ንግግር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ነው የሚባለው? ተክሉን በዓይንዎ አይተውታል? ዛሬ የት ይገኛል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። በመልሱ «ስሙ አለ፣ ተክሉ የለም» የሚል ዝርዝር ይወጣል። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር ይባል ነበር፤ የዚያ አካባቢ ክበብ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ስንት ኮሶ እንደቀረ ቢቆጥር ስሙ የአንድ ሰሞን ጥናት ይሆናል። ሲቆጠር ግን «5 ዛፍ» ተብሎ እንዳያልቅ። የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚገኘው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ሴቷ አበባዋ ቀላ ይላል። ወንዴ በሌለበት የቀሩ 5 ሴት ዛፎችና 2 ወንድ ያሉባቸው 5 ዛፎች ለነገ እኩል ተስፋ የላቸውም። ጥድም እንዲሁ ነው።

የስም ነገር ያምታታል። «ቄጤማ» ተብሎ ከአንድ በላይ ተክል ይመጣል፤ «አደይ» የሚባሉትም ዝርያዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከስሙ ጋር የደረቀ ናሙና ይያዝ። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አንጥፉ፣ በሁለቱ ካርቶን አጣብቁ፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ያልተቀየረ ጋዜጣ ናሙናውን ያሻግተዋል። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የሰብሳቢው ስም፣ የአማርኛ ስም፣ አዊ ውስጥ ከሆነ የአገውኛ ስሙም ይጻፍ። የስልክ መለያ መተግበሪያዎች በአገራችን ዱር ተክል ላይ ብዙ ይስታሉ፤ የሚሰጡትን ስም እንደ ግምት እንጂ እንደ መልስ አትያዙት።

እጅ የማይነካቸውን አስቀድሞ መናገር የመምህሩ ፋንታ ነው። የቁልቋል ወተት ዓይን ያሳውራል። የብርብራ ፍሬ ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ አለው። እንዶድ፣ አስተናግርና እንቧይ አይቀመሱም። ሳማን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢሆንም በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይነካዋል።

2ኛ፦ ንግግሩን ወደ ጥያቄ ለውጡ (ሳምንት 3)

የተሰበሰበውን በሦስት ክምር ክፈሉ። አንደኛው ስለ ተክሉ ሊመረመር የሚችል ነገር የሚናገር ነው፤ «ባሕር ዛፍ ምድር ያደርቃል» እንደሚለው። ሁለተኛው ምሳሌነት ብቻ ያለው የሚመስል ነው። ሦስተኛው ተክሉ የማይታወቅበት ነው። ሁለተኛውን ክምር ቶሎ አትጣሉት። «የእንቧይ ካብ» ስለማይጸና ወዳጅነት የተባለ ነው፣ እውነት ነው። ግን ተረቱን የፈጠረው ሰው እንቧይ እንደ ልብ የሚገኝበት ቦታ ይኖር ነበር ማለት ነው። እንቧይ እሾኻም ስለሆነ ከብት ይተወዋል፤ ጎረቤቱ ሣር ሲጋጥ እሱ ይቀራል። እንቧይ የበዛበት መስክ ብዙ የተጋጠ መስክ ነው ወይ? ይህ በሲባጎና በደብተር የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ጥሩ ጥያቄ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ የሚቆጠር ወይም የሚለካ ነገር፣ የሚነጻጸሩ ቢያንስ ሁለት ቦታዎች ወይም ሁኔታዎች፣ እና «ተሳስተናል» የሚያሰኝ ውጤት። ሦስተኛው ሲጎድል ተማሪው ያሰበውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከመውጣታችሁ በፊት «ምን ብናይ ነው ሐሳባችንን የምንቀይረው?» የሚለውን በጽሑፍ መልሱ። መልስ የሌለው ቡድን አይወጣም።

3ኛ፦ ሾላን ክፈቱ (ሳምንት 4)

ጠዋት ከአንድ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ 20 ፍሬ ልቀሙ፦ 5 ትንንሽና ጠጣር፣ 10 መካከለኛ፣ 5 መለስለስ የጀመሩ። የወደቀ አትውሰዱ፤ ውስጡ ጉንዳን ስለሚገባ ጥናቱ የጉንዳን ጥናት ይሆናል። ጫፏ ላይ ካለችው እንብርት መሰል ቀዳዳ እስከ እጀታዋ ድረስ በምላጭ ለሁለት ክፈሉ።

«ሾላ ሳታብብ ታፈራለች» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ፍሬ የምንላት ነገር ውስጧ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ከረጢት ናት፤ አበባዋን ወደ ውስጥ ገልብጣ ይዛለች። የምታዳቅላት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ጥቁር ተርብ ናት። በእንብርቷ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ ከአበቦቹ በከፊሎቹ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሉ የሚወጡት ወንዶች ክንፍ የላቸውም። ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ ግድግዳውን በስተው መውጫ ይሠራሉ፣ ሴቶቹም ብናኙን ይዘው ይበራሉ። ፍሬዋ ጣፍጣ ለወፍ፣ ለሌሊት ወፍና ለዝንጀሮ የምትደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ተርቧ ባልነበረችበት በጥንታዊት ግብፅ ሾላ እንዲበስል ሰዎች ፍሬውን በስለት ይሰነጥቁት ነበር።

ከመካከለኛዎቹ 5ቱን ሳትከፍቱ በጠርሙስ አኑሩ። አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ፣ ጥላ ውስጥ 3 ቀን አቆዩ። ክንፍ ያላቸው ጥቁሮችና ክንፍ አልባ ፈዛዞች ከወጡ በየዓይነታቸው ቁጠሩ። ረጅም ጭራ የመሰለ ነገር ያላቸውም ሊወጡ ይችላሉ፤ እነሱ ከውጭ ወግተው እንቁላል የሚጥሉ ጥገኞች ናቸው። ምንም ካልወጣ ፍሬዎቹ ገና ናቸው ወይም ተርቦቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ ትንሽ የመውጫ ቀዳዳ እንዳለ ቆዳውን ፈትሹና ከሌላ ዛፍ ድገሙ። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ውስጡ ያልበዋል፣ ተርቦቹም ከመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ይሞታሉ።

ከዚህ ወደ ጥበቃው የሚወስደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተርቧ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ በጣም አጭር ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመግባት የደረሰች ሌላ ሾላ ማግኘት አለባት። በአካባቢያችሁ ያሉ 10 ሾላዎችን ቁጥር ሰጥታችሁ በየሁለት ሳምንቱ የትኛው ምን ደረጃ ላይ እንዳለ መዝግቡ። «አንድ ሾላ ብትቆረጥ ተርብ ሁሉ ያልቃል» ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ናሚቢያ በረሃ ውስጥ የዚችው የሾላ ዝርያ ብናኝ በነፋስ በሚወሰዱ ተርቦች 160 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ተገኝቷል።

4ኛ፦ ከዋርካ ሥር ቁጠሩ (ሳምንት 5)

ታላቅ ሰው ሲሞት «ዋርካው ወደቀ» ይባላል። ታላቅ ሰው በሕይወት ሳለ ደግሞ የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ለዚህ መመሪያ እንዲህ ገጥመነዋል፦

ጥላው ሰፊ ብዬ ዋርካውን ብጠጋ፣
ከሥሩ ችግኝ የለ ክረምት ቢሆን በጋ።

ወርቁ ለማንም ግልጽ ነው። ሰሙስ እውነት ነው? አራት ቦታ ምረጡ፦ ገበያ ወይም መሰብሰቢያ ላይ ያለ ዋርካ ሥር፤ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ያለ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር፤ በዚያው አጸድ ከትልቅ ዛፍ ራቅ ያለ ቦታ፤ ከአጸዱ ውጭ ያለ ግጦሽ። በእያንዳንዱ 10 ጊዜ 1 ሜትር በ1 ሜትር አጥራችሁ ቁመታቸው ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ የዛፍና የቁጥቋጦ ችግኞችን ብቻ ቁጠሩ።

የት እንደሚታጠር ዕጣ ይወስን። ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች በባርኔጣ ጨምሩ፣ ሁለት አውጡ፤ መጀመሪያው ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ የሚኬደው እርምጃ ነው። ድንጋይ ወርውሮ የወደቀበትን መቁጠር የተለመደ ቢሆንም ወርዋሪው ሳያውቀው ችግኝ ወዳለበት ያዘነብላል። ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ሣርና አረም መቁጠር ነው። ግንዱን በጥፍር ጫን አድርጋችሁ እንጨትነት እንዳለው ፈትሹ፤ ያጠራጠረውን «?» ብላችሁ ለብቻው ጻፉ።

ደብሩ ዘንድ ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። ምን እንደምትቆጥሩ፣ ምንም እንደማትቆርጡ ንገሯቸው፤ የሚመራችሁ ዲያቆን ለምኑ። ቅዳሴ ባለበት ሰዓት አትሂዱ፤ ጫማ የሚወለቅበትን ጠይቁ። አንዳንድ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ክበቡ በሙሉ የሚገባበትን ደብር መምረጥ የመምህሩ ሥራ ነው። የመቃብር ሥፍራ አይታጠርም።

የእያንዳንዱን ቦታ 10 ቁጥር ደምራችሁ ለ10 አካፍሉ። ገበያው ላይ ካለው ዋርካ ሥር 0፣ አጸዱ ውስጥ ከዋርካው ሥር ብዙ ካገኛችሁ (ጥሩ አጥር ባለው አጸድ ይህ የሚጠበቅ ነው) ስንኙ ዋርካውን ያለ ጥፋቱ ከሷል ማለት ነው። ወፎች ፍሬ ሊበሉ እየመጡ የሌላውንም ዛፍ ዘር ከሥሩ ይጥላሉ፤ ችግኙን ያጠፋው የሰው እግርና የከብት አፍ ነው። አጸዱ ውስጥም ምንም ከሌለ ቀና ብላችሁ ካቡን ተመልከቱ፣ ፈርሶ ከብት የሚገባበት ቦታ ይኖራል። በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሠሯቸው ጥናቶችም ችግኝ ለመጽደቁ ከግጦሽ መጠበቁ ወሳኝ እንደሆነ ያሳያሉ። የዋርካው ራሱ ዘር ከሥሩ ካልታየ አትደነቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በድንጋይ ስንጥቅና በሌላ ዛፍ ላይ ነው።

5ኛ፦ ባሕር ዛፍን በእኩል ፍርድ መርምሩ (ሳምንት 6 እና 7)

ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ቤት የሠራው እሱ፣ የሚሰደበውም እሱ። አነጋገሩ ሁለት ክስ አለው፦ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ አያስበቅልም። የመጀመሪያውን ለመለካት ክበብ የማይኖረው መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በ7 ቀን ይሞከራል።

ደርቆ የደቀቀ ባሕር ዛፍ ቅጠል 20 ግራም በ200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ በጨርቅ አጥልሉ። ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩበት፤ ይህ ቀጭኑ ነው። በብሳና ቅጠልም እንደ መጀመሪያው አንድ ዘፍዝፉ። አራት ዓይነት ሆነ፦ ንጹሕ ውሃ፣ ወፍራም ባሕር ዛፍ፣ ቀጭን ባሕር ዛፍ፣ ብሳና። ለእያንዳንዱ 3 የፕላስቲክ ክዳን አዘጋጁ፤ ሶፍት ሁለት ድርብ አንጥፉ፣ 25 የኑግ ፍሬ ደርድሩ፣ 5 ሚሊ ሊትር አጠጡ። 12 ክዳን፣ 300 ፍሬ ይሆናል። በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ፤ በመጨረሻው ቀን የሥሩን ርዝመት በሚሊ ሜትር ለኩ።

ብሳናው ለምን አስፈለገ? በባሕር ዛፍ ብቻ የሞከረ ክበብ «ያው ገደለው» ብሎ ይጨርሳል፤ ከማንኛውም ቅጠል የወጣ ወፍራም ጭማቂ ግን ዘርን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱ እኩል ከጎዱ ክሱ የባሕር ዛፍ ብቻ አይደለም። በንጹሕ ውሃው ከ25ቱ ከ20 በታች ከበቀለ ዘሩ አሮጌ ነው፤ ቀይራችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ሻጋታ ከወጣ ውሃው በዝቷል ወይም ክዳኑ አልታጠበም። በክዳን ላይ የታየው ማሳ ላይ እንዳለ አይደገምም፤ ዝናብ ያቀጥነዋል፣ አፈር ይይዘዋል። ስለዚህ በ4ኛው ደረጃ አቆጣጠር ከባሕር ዛፍ ሥር 10 ካሬ ቁጠሩ፤ ሰዎች ቅጠሉን ለማገዶ ጠርገው የሚወስዱበትና የማይጠርጉበት ለየብቻ ይሁን። አዊ ያሉ ክበቦች በዲከረንስ (ለከሰል የሚተከለው የውጭ ግራር) ቅጠል ቢሞክሩት ለከሰል አምራቹም የሚጠቅም ጥያቄ ይሆናል።

ሁለት አጫጭር ነገሮች። አደይን ከኑግ አበባ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና መሃሏን በመርፌ በትኑ፤ አንድ አበባ ያልናት የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ናት፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እምቦጭን በተመለከተ፦ አበባው ስለሚያምር ብቻ ለኤግዚቢሽን ብላችሁ ከጣና አንድ ግንድ እንኳ ወደ ትምህርት ቤት አታምጡ። ከቁራጭ ይራባል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ፎቶ ይበቃል።

6ኛ፦ መልሳችሁ ንገሩ (ሳምንት 8)

ቅኔ ቤቶቹ ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ ያስተማሩን አንድ ነገር አለ፤ ሰሙ ያልቆመ ቅኔ ወርቁም አይቆምም። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ስንኝ፣ አጭር ቪዲዮ ወይም እንቆቅልሽ ሲሠራ በውስጡ ራሳችሁ የቆጠራችሁት አንድ ነገር ይኑር። ከአንድ በላይ አታጭቁ። የቪዲዮው ርዝመት ከ60 ሰከንድ አይለፍ፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች የታወቀው አነጋገር ይሰማ፣ ቀጥሎ እጅ ሲቆጥር ይታይ፣ ከዚያ ቁጥሩ ይነገር። የታወቀ ዘፋኝ ዜማ አትውሰዱ፤ የራሳችሁን እንጉርጉሮ ሥሩ።

ከመለቀቁ በፊት ለ3 ሰው አሳዩ፦ ለአንድ ታናሽ፣ ለአንድ አርሶ አደር፣ ክበቡ ውስጥ ለሌለ አንድ ተማሪ። «ምን ተባለ?» ብላችሁ መልሱን ቃል በቃል ጻፉ። ሁለቱ «ባሕር ዛፍ መርዝ ነው አሉ» ካሉ እና እናንተ ያንን ካላላችሁ ቪዲዮው እንደገና ይሠራ። የደብሩን ደን የምታሳዩ ከሆነ መጀመሪያ ለአስተዳዳሪው አሳዩ፤ የጠፋ ዛፍ ቁጥር በአደባባይ ሲሰሙት ቅር ይላቸዋል፣ ቀድመው ካወቁት ግን ካቡን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው።

7ኛ፦ አንድ ቦታ አጥሩ

ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ የትምህርት ቤቱ ወይም የደብሩ ፈቃድ ባለበት ቦታ 10 ሜትር በ10 ሜትር በእሾህ አጥሩ፤ ከጎኑ እኩል የሆነ ሳይታጠር ይቅር። በሁለቱም ውስጥ 5 ቋሚ ካሬ በካስማ ምልክት አድርጉ። ምንም አትትከሉ። መስከረምና ሰኔ ላይ በየዓመቱ ቁጠሩ። ካስማው የእንጨት ከሆነ ምስጥ ይበላዋል ወይም ለማገዶ ይነቀላል፤ በየማዕዘኑ ትልቅ ድንጋይ ግማሹን ቅበሩና ቁጥር በቀለም ጻፉበት። የቆጠራው ደብተር በክበቡ ሰብሳቢ ቤት ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ሰብሳቢው 12ኛ ክፍል ጨርሶ ሲሄድ ደብተሩም አብሮት ይሄዳልና። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቦታው ንድፍ፣ የድንጋዮቹ ቁጥር፣ «ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች፣ እንጨትነት ያለው ብቻ» የሚለው ደንብ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪ ሌላ ደንብ ከተጠቀመ ሁለቱ ዓመት አይነጻጸርም።